በፌዴራሉ ችሎት የሚቆም ጠበቃ፤ ትምህርቱና ሥርዓቱ

ከዳላስ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ ሬይ ሐበርድ በሚባለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ዳር በተቆረቆረችው በሮውሌት ከተማ የሚኖር ኢትዮጵያዊ፣ አሠሪው የትርፍ ሰዓት ደመወዙን ቢከለክለው ወይም በትውልድ አገሩ ምክንያት ከሥራ ቢያሰናብተው፣ ነገሩ የሚታይለት የሮውሌት ሰማያዊ መስመር ባቡር በሚያደርሰው በመካከለኛው ዳላስ፣ በኮመርስ ጎዳና ላይ ባለው በኧርል ካቤል የፌዴራል ሕንፃ ውስጥ በሚያስችለው በሰሜን ቴክሳስ የፌዴራል ዲስትሪክት ፍርድ ቤት ሊሆን ይችላል። ይህ ፍርድ ቤት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1879 የተቋቋመ ሲሆን ሥልጣኑ በ100 ካውንቲዎች ላይ የተዘረጋ ነው፤ ሮውሌት ያረፈችባቸው የዳላስና የሮክዎል ካውንቲዎች ሁለቱም በዳላሱ ምድብ ሥር ሲሆኑ፣ በስተ ሰሜን የሚጎራበተው የኮሊን ካውንቲ ግን የምሥራቅ ቴክሳስ ፍርድ ቤት ክልል ስለሆነ፣ ጥቂት ማይል ርቆ የሚኖር ወዳጃችን ለተመሳሳይ ጉዳይ ሌላ ዳኛና ሌላ የውስጥ ደንብ ይጠብቀዋል። በዚህ ጽሑፍ ላስተዋውቅ የምወደው በዚያ ሕንፃ ውስጥ ቆሞ የሚሟገተው ጠበቃ የሚያልፍበትን ትምህርት ነው፤ ወገኖቻችን ጠበቃ ሲይዙ ስለ ዋጋው እንጂ ስለ ሥልጠናው ሲጠይቁ እምብዛም አይሰማምና።

ሙግት በአገራችን ጥንታዊ ጥበብ ነው። በላ ልበልሃ በሚባለው የአደባባይ ክርክር በአንደበት ርቱዕነትና በምሳሌ ባላጋራውን የረታ ሰው ስሙ በአገር ይጠራ ነበር፤ ፍትሐ ነገሥትም በሊቃውንት ጉባኤ እየተነበበና እየተተረጎመ ለፍርድ መሠረት ሆኖ ኖሯል። በ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በታወጀ ጊዜ ግን የክርክሩ ክብደት ከአንደበት ወደ ጽሑፍ፣ ከአደባባይ ወደ መዝገብ አዘነበለ። በአሜሪካም እንዲሁ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች በብዙ ጉዳይ የየክፍለ ግዛታቸውን የሙግት ልማድ እየተከተሉ ከቆዩ በኋላ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1934 የወጣ ሕግ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሥልጣን ሰጥቶ፣ ለሁሉም አንድ የሆነው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንብ በመስከረም 16 ቀን 1938 ሥራ ላይ ዋለ፤ የመጀመሪያውም አንቀጽ ክርክር ሁሉ በፍትሕ፣ በፍጥነትና በአነስተኛ ወጪ እንዲፈጸም ያዛል።

ይህን ደንብ በሕግ ተማሪ ቤት አንብቦ ማለፍና በእርሱ መሟገት የተራራቁ ነገሮች ናቸው። የቴክሳስ የጥብቅና ፈቃድ ያገኘ ሰው በፌዴራሉ ችሎት ለመቆም ለዚያው ፍርድ ቤት ለብቻው አመልክቶ ቃለ መሐላ መፈጸም አለበት፤ ፈቃዱንም ካገኘ በኋላ በየዓመቱ 15 ሰዓት መማር፣ ከእነዚህም 3ቱን ሰዓት በሥነ ምግባር ላይ ማዋል ግዴታው ነው። የቅኔ ተማሪ በመምህሩ ፊት ዘርፎ፣ ተነቅፎ፣ ታርሞ ደግሞ እንደሚዘርፍ ሁሉ፣ በ1971 የተመሠረተው ብሔራዊ የሙግት ጥበብ ኢንስቲትዩትም ጠበቆችን የሚያሠለጥነው ከማዳመጥ ይልቅ በማሠራት ነው፤ ሠልጣኙ ለልምምድ በተዘጋጀ መዝገብ ላይ ምስክር አቁሞ ዋና ጥያቄና መስቀልኛ ጥያቄ ያቀርባል፣ ነባር ጠበቆችም ወዲያው ስሕተቱን ይነግሩታል። በዳላስም በዳኛ ፓትሪክ ሂጊንቦተም ስም የተሰየመ ማኅበር አለ፤ በዚያም ዳኞች፣ ሽማግሌ ጠበቆችና ጀማሪዎች በአንድ ጉባኤ ተቀምጠው ስለ ሙያቸው ይማማራሉ።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰጠው ትምህርት ቀን መቁጠር ነው፤ ቀላል ይመስላል እንጂ ብዙ እውነተኛ ክስ የወደቀው በዚሁ ነው። የሥራ አድልዎ ክስ ከመንግሥቱ የእኩል ሥራ ዕድል ኮሚሽን የመክሰስ መብት ደብዳቤ ከደረሰ በኋላ በ90 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት፤ መጥሪያ የደረሰው ተከሳሽ እንደ ደንቡ በ21 ቀን መልስ ይሰጣል። አቆጣጠሩም የራሱ ሥርዓት አለው፤ ነገሩ የተጀመረበት ዕለት አይቆጠርም፣ ቅዳሜና እሑድ ግን ይቆጠራሉ፣ መጨረሻው ቀን በሰንበት ወይም በበዓል ላይ ከዋለ ብቻ ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይሻገራል። በጽሑፍ የቀረበ ጥያቄ ሐሙስ ዕለት ለደረሰው ሰው 30ኛው ቀን ቅዳሜ ላይ ስለሚውል መልሱን እስከ ሰኞ ሊያደርስ ይችላል፤ ማክሰኞ ቢያቀርበው ግን መቃወም ይችል የነበረውን ሁሉ ያጣ ዘንድ ይቻላል። የሠለጠነ ጠበቃ ጽሕፈት ቤት ቀኑን አንድ ሰው አስልቶ ሌላው የሚያረጋግጥበት ልማድ ያለውም ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ትምህርት ማስረጃን ከችሎት በፊት መገላለጥ ነው። ተከራካሪዎች ሳይጠየቁ የምስክሮቻቸውን ስምና የሰነዶቻቸውን ዝርዝር ይለዋወጣሉ፤ ከዚያም የተለየ ፈቃድ ካልተገኘ በቀር እያንዳንዱ ወገን እስከ 25 የጽሑፍ ጥያቄና እስከ 10 ዲፖዚሽን ማድረግ ይችላል። ዲፖዚሽን ማለት ምስክሩ ዳኛ በሌለበት ክፍል፣ ቃሉን የሚመዘግብ ባለሙያ ባለበት፣ ምሎ በባላጋራው ጠበቃ የሚጠየቅበት ሥነ ሥርዓት ነው፤ ከአንድ ቀንና ከ7 ሰዓት አይበልጥም። እዚህ ላይ የእኛ ሰው ልማድ ሲጎዳው ይታያል፤ እኛ እሺታችንን ትንፋሽ ወደ ውስጥ በመሳብ ወይም ራስን በመነቅነቅ ስንገልጥ መዝጋቢው የሚጽፈው ቃል አያገኝም፤ ታላቅን ላለማሳፈር ብለን የማናውቀውን በግምት ስንመልስ ግምታችን በመሐላ የተሰጠ ቃል ሆኖ በኋላ በጁሪ ፊት ይነበብብናል። ጠበቃውም በመካከል ገብቶ መልስ እንዲጠቁም ደንቡ አይፈቅድለትም። ስለዚህ በሚገባ የተማረ ጠበቃ ደንበኛውን አስቀድሞ ያዘጋጃል፤ አላውቅም ማለትም፣ እውነት እስከሆነ ድረስ፣ ሙሉ መልስ መሆኑን ያስረዳዋል።

እኔ ከሁሉ የማከብረው ግን የዳላሱ ፍርድ ቤት ስለ ጠበቆች ጠባይ ያወጣውን ሥርዓት ነው። በ1988 የሰሜን ቴክሳስ ዳኞች በጋራ ተሰይመው፣ ዶንዲ በሚባለው መዝገብ በሰጡት ውሳኔ፣ የጠበቆች ስድብና እልህ የችሎቱን ጊዜ እየበላ መሆኑን ገልጠው፣ ጠበቃ ለባላጋራው ጠበቃ ትሕትናና መተባበር ይገባዋል የሚል ደንብ አጸኑ። በፍርድ ቤቱ የውስጥ ደንብም ብዙ ዐይነት አቤቱታ ከመቅረቡ በፊት ጠበቃው ከተቃራኒው ወገን ጋር ተነጋግሮ መስማማት አለመቻሉን በጽሑፍ ማረጋገጥ አለበት። ከሽምግልና ባህል ለወጣን ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ጠበቃው ከባላጋራው ጠበቃ ጋር በሰላም ሲነጋገር አይቶ ተከድቻለሁ ብሎ የሚጠራጠር ወገናችን ይህን ሊያውቅ ይገባል።

አንድ ጉድለት ግን በግልጥ መነገር አለበት። በ1978 የወጣው የፍርድ ቤት አስተርጓሚዎች ሕግ አስተርጓሚ የሚያቆመው የአሜሪካ መንግሥት ራሱ ላስጀመረው ጉዳይ ነው፤ በግል አሠሪውን የሚከስ ሰው አስተርጓሚውን የሚያመጣው በራሱ ወጪ ሲሆን፣ ለአማርኛም የተዘጋጀ የፌዴራል የአስተርጓሚነት ማረጋገጫ ፈተና የለም። እንግሊዝኛውንና አማርኛውን አጣርተው የሚያውቁ ልጆቻችን ከጥብቅናው ጎን ይህንንም ሙያ ቢማሩ ለወገናቸው የሚሰጡት አገልግሎት ታላቅ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የፌዴራል ጉዳይ ገጥሞህ ጠበቃ በምትይዝበት ጊዜ በዚህ ፍርድ ቤት ለመቆም መሐላ የፈጸመ መሆኑን፣ ስንት ዲፖዚሽን እንደ መራና የቀጠሮ ቀኖችህን ማን እንደሚቆጥርልህ ሳታፍር ጠይቀው፤ የመጓጓዣ ወይም የምግብ ቤት ድርጅትህ በድርጅቱ ስም ከተከሰሰም ያለ ጠበቃ ለመቅረብ አትሞክር፣ ግለሰብ ስለ ራሱ መሟገት ቢፈቀድለትም ለድርጅት ግን በፌዴራሉ ችሎት አይፈቀድምና። ሕግ ለመማር የሚያስብ ልጅ ካለህም አንድ ቀን ይዘኸው ሂድ፤ ችሎቱ ለሕዝብ ክፍት ነው።