የተቆፈረ ኮረብታ ማገገሙ በምን ይታወቃል?

ከሰሉ ወጥቶ፣ ጉድጓዱ ተሞልቶ፣ ዘር የተዘራበት ኮረብታ ብዙ ሳይቆይ አረንጓዴ ይለብሳል። ከመንገድ ሆኖ ለሚያየው ሥራው ያለቀ ይመስላል። የዕፅዋት ክትትል የሚባለው ሙያ ግን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የበቀለው ምንድን ነው? ሰው እጁን ሲያነሳስ ይቆያል?

አሜሪካ ይህን ጥያቄ በሕግ አስራዋለች። ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር እ.ኤ.አ. በ1977 የፈረሙት ሕግ የድንጋይ ከሰል አውጪው ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት የዋስትና ገንዘብ እንዲያስይዝ ያስገድዳል። ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ የሚለቀቅለት መሬቱ ዳግም መልማቱ ሲረጋገጥ ነው። ለዚህም ዝናብ በበቂ በሚጥልበት አካባቢ ቢያንስ 5 ዓመት፣ የዓመቱ ዝናብ ከ660 ሚሊ ሜትር በማይበልጥበት ደግሞ 10 ዓመት ይጠበቃል። ዘመኑ የሚቆጠረው ማዳበሪያ፣ መስኖ ወይም ተጨማሪ ዘር ለመጨረሻ ጊዜ ከዋለበት ዓመት በኋላ ነው። በአራተኛው ዓመት ማዳበሪያ የበተነ ኩባንያ ቆጠራውን እንደ አዲስ ይጀምራል። የሕጉ ትልቁ ብልኃት ይህ ይመስለኛል፤ የሚፈተነው የመሬቱ የራሱ አቅም ነውና። በዛፍም ቢሆን፣ ከሚቆጠሩት ዛፎችና ቁጥቋጦዎች 80 በመቶው የዘመኑን 60 በመቶ በቦታው የቆዩ መሆን አለባቸው። መርማሪ ሊመጣ ሲል ችግኝ ተክሎ ማስቆጠር አይቻልም።

ቆጠራው በጉልበት ተንበርክኮ የሚሠራ ነው። ባለሙያዎቹ ሜትር ዘርግተው፣ በዕጣ በወጡ ነጥቦች ላይ ካሬ ፍሬም ያስቀምጣሉ። በፍሬሙ ውስጥ ምን ያህሉ በዕፅዋት እንደተሸፈነ፣ ምን ያህሉ ባዶ አፈር እንደሆነ፣ የትኞቹ ዝርያዎች እንዳሉ ይመዘግባሉ። ነጥቦቹ በዕጣ የሚወጡት ዓይን ወደለመለመው ቦታ እንዳያደላ ነው። ውጤቱ ካልተነካ አጎራባች መሬት ወይም አስቀድሞ ከጸደቀ መመዘኛ ጋር ይነጻጸራል፤ ለማለፍ ቢያንስ 90 በመቶውን መድረስ አለበት።

ሳተላይትም ያግዛል። ጤነኛ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይመጥጣል፤ ለዓይን የማይታየውን ቅርብ ኢንፍራሬድ ደግሞ መልሶ ያንጸባርቃል። የሁለቱ ልዩነት የልምላሜውን መጠን ይናገራል። ላንድሳት የተባሉት ሳተላይቶች እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ምድርን ሲያነሱ ስለኖሩ፣ አንድ ኮረብታ ከመቆፈሩ በፊት ምን ይመስል እንደነበር ጭምር ማየት ይቻላል። ሆኖም ከላይ የሚታየው አረንጓዴ የአረም ይሁን የአገር በቀል ዛፍ ለመለየት ብዙ ጊዜ በእግር መውረድ ግድ ነው።

በአሜሪካ አፓላቺያ ተራሮች የሆነው ይህን በግልጽ ያሳያል። ከሕጉ በኋላ ኩባንያዎች አፈሩ እንዳይንሸራተት በቡልዶዘር ደጋግመው ጠቀጠቁት፤ እንዳይታጠብም ቶሎ የሚያድግና ጥቅጥቅ ብሎ የሚሸፍን ሳር ዘሩበት። የሽፋን መለኪያው ተሟላ፤ ዋስትናው ተለቀቀ። ደኑ ግን አልተመለሰም። የዛፍ ሥር የተደደረውን አፈር ሰርስሮ መውረድ አቃተው፤ ችግኙንም ሳሩ ብርሃንና ውኃ ነፈገው። እ.ኤ.አ. በ2004 የፌዴራልና የክፍላተ ግዛቶቹ ባለሥልጣናት በጋራ በጀመሩት የደን መልሶ ማልማት ጥረት ምክሩ ተገለበጠ፦ ቢያንስ 1.2 ሜትር ጥልቀት ያለው አፈር ሳይጠቀጠቅ ይልበስ፣ ለዛፍ ቦታ የሚለቅ ሳሳ ያለ ሳር ይዘራ። ቀድሞ የተጠቀጠቁትን ቦታዎችም በቡልዶዘር ረጅም የብረት ጥርስ ገምሶ ዛፍ መትከል ተጀመረ። ጥፋቱ የቆጣሪዎቹ አልነበረም። የታዘዙትን ሽፋን በትክክል ለክተዋል፤ የአፈሩ ልልነትና የዛፎቹ መመለስ ግን ተገቢው ክብደት አልተሰጠውም ነበር።

በአካባቢያችሁ የድንጋይ ካባ ወይም የማዕድን ቁፋሮ ሊከፈት ከሆነ፣ በቦታው ያለው ዛፍ፣ ሳርና አፈር ቁፋሮው ሳይጀመር እንዲመዘገብ ጠይቁ። ኮረብታው ከተናደ በኋላ ይህን መዝገብ መሥራት እጅግ ከባድ ነው፤ ያለ እሱ ደግሞ «አገግሟል» የሚለውን ቃል የምታመሳክሩበት ነገር አይኖራችሁም።