ሥራ የፈታች ወፍ ላባዋን ትነቅላለች

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንዲት ትንሽ ወፍ ነው። ጉዳዩ ትንሽ ይምሰል እንጂ በብዙ ቤት ልጅ የሚያለቅስበት፣ ወላጅም የሚጨነቅበት ነገር ነው።

ልጃችሁ ጓደኛው ቤት ቱኪ አይቶ መጣና «ለእኛም ግዙልን» እያለ ለሳምንታት ለመናችሁ እንበል። በአማርኛ በቀቀን የምንላት ወፍ በዕብራይስጥ ቱኪ ትባላለች፤ ትንሿ ዓይነት ደግሞ ቱኮን ናት። እናንተም ልጁ አገሩን ይላመድ፣ ደስም ይበለው ብላችሁ ከወሩ ወጪ ቀንሳችሁ ወፏን ከነሽቦ ቤቷ ገዛችሁለት። በመጀመሪያው ሳምንት ቤቱ ሁሉ ደስ አለው። ከዚያ በኋላ ግን ልጁ ትምህርት ቤት፣ እናንተም ኡልፓን ወይም ሥራ ስትውሉ ወፏ ብቻዋን መቅረት ጀመረች። ቀስ በቀስ ጩኸቷ በዛ፤ ጎረቤትም ግድግዳ መምታት ጀመረ። አንድ ቀን ወደ ቤት ስትመለሱ ከሽቦ ቤቱ ሥር ላባ ተበትኖ፣ የወፏም ደረት ተራቁቶ አገኛችሁ። ላባዋን የነቀለችው ራሷ ናት። በዚህ ጊዜ ከቤተሰቡ አንዱ «መስኮቱን ከፍተን እንልቀቃትና እንገላገል» ይላል። ልጁም ያለቅሳል።

መስኮቱን ከመክፈታችሁ በፊት ይህን ጽሑፍ አንብቡ። በሽቦ ቤት ውስጥ ተፈልፍላ ያደገች ቱኮን ውጭ ወጥታ ምግብና ውሃ ፈልጋ ማግኘት አታውቅም። ቁራ ወይም ድመት ይበላታል፤ ካልሆነም በረሃብ ትሞታለች። ስለዚህ መልቀቅ ማለት ነጻ ማውጣት ማለት አይደለም።

ሕመም ነው ወይስ ሥራ መፍታት?

ላባዋን የምትነቅል ወፍ በመጀመሪያ የእንስሳት ሐኪም፣ ማለትም ቬተሪናር፣ ቢያያት መልካም ነው። ቅማልን የመሰለ ተባይ ወይም ሌላ በሽታ ሊኖርባት ይችላልና። በተለይ ላባዋን ነፍታ ከሽቦ ቤቱ ወለል ላይ ከተቀመጠች፣ ምግብ ከተወች፣ ወይም ስትተነፍስ ጅራቷ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ሳትዘገዩ ውሰዷት። ወፍ ሕመሟን ትደብቃለች፤ እናንተ ባስተዋላችሁበት ጊዜ ሕመሙ ጠንቶ ሊሆን ይችላል።

ሐኪሙ «ጤነኛ ናት» ካለ ግን ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ሥራ መፍታትና ብቸኝነት ነው። ይህን ለመረዳት የወፏን አገር ማወቅ ይጠቅማል። በእስራኤል በየሱቁ የምትሸጠው ቱኮን፣ እንዲሁም በራሷ ላይ ጉትያ ያላት ኮክቴል፣ የዘር አገራቸው አውስትራሊያ ነው። እዚያ በመንጋ ይኖራሉ፤ የሣር ፍሬ እየለቀሙና ውሃ ፍለጋ እየበረሩ ይውላሉ። በሽቦ ቤት ውስጥ ግን ምግቡ ከፊቷ ተቀምጧል። በጥቂት ደቂቃ በልታ ትጠግባለች፤ የቀረውን ቀን የምትሠራው የላትም።

አባቶቻችን «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ይላሉ። ወፏም ያደረገችው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ እሷ የቀደደችውን መስፋት አለመቻሏ ነው።

ይህን ለማመን የሚቸገር ሰው ካለ ወደ ሕዝብ መናፈሻ ይውጣ። በቴል አቪቭ በያርኮን መናፈሻና በሌሎችም ከተሞች ረጅም ጅራት ያላቸውን አረንጓዴ ወፎች በየዛፉ ላይ ያያል። በዕብራይስጥ ድራራ ይባላሉ። ይህ ዓይነት በቀቀን በሰሜን ኢትዮጵያም ይገኛል። በኢትዮጵያ ደጋ አገር ደግሞ ወንዱ ግንባሩ ቀይ የሆነ ሌላ ትንሽ አረንጓዴ በቀቀን አለ፤ የጽድና የሾላ ፍሬ ይበላል። እነዚህን ወፎች ለጥቂት ጊዜ ተመልከቷቸው። ይፈለፍላሉ፣ ቅርንጫፍ ይቆርጣሉ፣ እርስ በርስ ይጠራራሉ። ለዚያች የሽቦ ቤት ወፍም የሚያስፈልጋት እንዲህ ያለ ሥራ ነው።

ከቤት ውስጥ በሚገኝ ዕቃ የሚሠሩ መጫወቻዎች

በእንስሳት ዕቃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ የወፍ መጫወቻ በብዙ ሼኬል ይሸጣል። ወፏ ደግሞ በጥቂት ቀን ቀዳድዳ ትጨርሰዋለች። አትዘኑ፤ መቅደዷ መልካም ነው፣ መጫወቻው የተሠራው ለዚያ ነውና። ነገር ግን ለመቀደድ የሚሆነውን ዕቃ መግዛት አያስፈልጋችሁም።

አንደኛ፣ የሽንት ቤት ወረቀት ሲያልቅ የሚቀረውን የካርቶን ጥቅል አትጣሉት። ሽታ የሌለውንና ንጹሑን ምረጡ። ከወፏ የዕለት ምግብ ትንሽ ጨምሩበትና ሁለቱን ጫፎች ወደ ውስጥ እጠፉ። ወፏ ቀዳ ታወጣዋለች። መጀመሪያ ላይ አንደኛውን ጫፍ ክፍት ተዉት፤ ፍሬውን ካላየች እዚያ ውስጥ ምግብ መኖሩን አታውቅምና። እስክትለምድ ድረስ የተለመደው ምግቧ በሳህኗ ላይ ይኑር። ማስራብ ማስተማር አይደለም።

ሁለተኛ፣ ያልታተመበት ነጭ ወረቀት በጣት ስፋት ቆራርጡና መካከሉን አስራችሁ እንደ ዘርፍ አንጠልጥሉት። ጽሑፍና ቀለም ያለበትን ወረቀት ለመንቆር አትስጧት። ይህን ጋዜጣ ግን አንብባችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ከሽቦ ቤቱ ሥር ኩሷን እንዲቀበል ብታነጥፉት ቅር አይለንም።

ሦስተኛ፣ ልጆች አርቲክ በልተው የሚጥሉትን እንጨት ሰብስቡ። በሙቅ ውሃ አጥባችሁ አድርቁት፤ በመካከሉ ቀዳዳ አብጁና አራት አምስቱን በአጭር የጥጥ ገመድ ላይ ሰካክታችሁ አንጠልጥሉት። ቀለም የተቀባውን እንጨት ተዉት።

አራተኛ፣ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ። ባሕር ዛፍ እንደ ቱኮን ሁሉ የመጣው ከአውስትራሊያ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ በኢትዮጵያ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ገባ፤ በዚያው ዘመን በሐዴራና በሌሎችም ቦታዎች ረግረግ ለማድረቅ ተተከለ። ስለዚህ እናንተም ወፏም የምታውቁት ዛፍ ነው። ከመኪና መንገድ የራቀ፣ መድኃኒት ያልተረጨበት ትንሽ ቅርንጫፍ ከነቅጠሉ አጥባችሁ ስጧት። ቅጠሉን ትቆርጣለች፣ ልጡን ትልጣለች፣ ትቆምበታለችም። ነገር ግን ተጠንቀቁ። በእስራኤል በየመንገዱ ዳር ሃርዱፍ የሚባል ረጅምና ቀጭን ቅጠል፣ ነጭ ወይም ሮዝ አበባ ያለው ተክል አለ። ሃርዱፍ ለወፍም ለሰውም መርዝ ነው። በእርግጠኝነት የማታውቁትን ቅርንጫፍ ወደ ቤት አታስገቡ።

አምስተኛ፣ ጥልቅ ያልሆነ ሳህን ላይ ጥቂት ለብ ያለ ውሃ አድርጋችሁ ሰላጣ ቅጠል ጣል አድርጉበት። ብዙ ቱኮኖች በእርጥብ ቅጠል ላይ መንከባለል ይወዳሉ። ካሮት ወይም ጋምባ የሚባለውን ጣፋጭ ቃሪያ በቀጭኑ ቆርጣችሁ በሽቦው መካከል ብትሰኩላትም መጫወቻም ምግብም ይሆናታል።

ስፌት ለሚያውቁ እጆች

ከሁሉ የሚበልጠውን መጫወቻ ግን በየትኛውም ሱቅ አታገኙትም። እናቶቻችን ሞሰብና ሙዳይ ከስንደዶና ከአክርማ ሲሰፉ ኖረዋል፤ እዚህ አገርም በራፊያ የሚሰፉ ብዙዎች ናቸው። ቀለም ያልነካው ራፊያ ወይም ደረቅ ሣር ውሰዱና ሲኒ የምታህል፣ ክዳን የሌላት ትንሽ ሙዳይ ስፉ። በውስጧ የተጨማደደ ነጭ ወረቀትና ጥቂት ዶሐን፣ ማለትም ዳጉሳን የመሰለውን የወፍ እህል፣ ጨምሩባት። ከሽቦው ጋር በራፊያው አጥብቃችሁ እሰሯት። ወፏ ወረቀቱን አንድ በአንድ እያወጣች ትጥላለች፤ ፍሬውን ትለቅማለች፤ ከዚያም ሙዳይዋን ራሷን ትፈታታለች። ስፌቱ ጥሩ መሆን የለበትም። ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰፋው ጠማማ ሙዳይም ይበቃል።

መጠንቀቅ የሚገባን

ገመድ ሁሉ አጭር ይሁን። የወፏ አንገት የሚገባበት ቀለበት አይኑረው። የተተረተረ ክር እግሯን ጠምጥሞ ደም ሊያቆምባት ስለሚችል በየቀኑ እያያችሁ ቁረጡት። በዚንክ የተለበጠ ሽቦ፣ እርሳስ ያለበት ዕቃ፣ አሮጌ ቀለም፣ የወረቀት መርፌና ሙጫ ያለው ፕላስተር አይግቡ። ስንጥቅ ያለው ቃጭል ጣቷን ይይዛታል። ብቻዋን ለምትኖር ቱኮን መስተዋት ባይሰጣት ይሻላል፤ ምስሏን ጓደኛ መስሏት ስታበላው ልትውል ትችላለችና። እዚህ የተጻፈው ለትናንሽ ወፎች ነው። ትልቅ በቀቀን ምንቃሩ ኃይለኛ ስለሆነ ወፍራም እንጨትና ጠንካራ ነገር ይፈልጋል።

ከምግብ ደግሞ አቮካዶ፣ ቸኮላትና ቡና ለወፍ መርዝ ናቸው። ልጆች በደግነት እንዳያቀምሷት ንገሯቸው።

አንድ ነገር በተለይ ለእኛ ቤት። የወፍ ሳንባ ጭስን አይችልም። ቡና ስትቆሉ፣ ዕጣን ስታጨሱ፣ በርበሬና ሽንኩርት ስታቁላሉ ወፏን ወደ ሌላ ክፍል ወስዳችሁ በሩን ዝጉ፣ መስኮትም ክፈቱ። ቴፍሎን የተቀባ መጥበሻ ወይም የእንጀራ ምጣድ ከመጠን በላይ ሲግል የሚወጣው ጋዝ ሽታው እንኳ ሳይታወቅ ወፍ ይገድላል። ስለዚህ የወፍ ቤት በኩሽና ውስጥ አይቀመጥም።

አሰጣጡም ዘዴ አለው

አዲስ ነገር ወፍን ያስፈራታል። መጫወቻውን በድንገት ወደ ውስጥ አታስገቡት። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ቀን ከሽቦ ቤቱ ውጭ፣ ከምታየው ቦታ አስቀምጡት። ልጁ ከፊቷ ቢጫወትበት ደግሞ ፍርሃቷ ቶሎ ይለቃታል። ሁለት ወይም ሦስት መጫወቻ በአንድ ጊዜ ይበቃታል፤ ክንፏን የምትዘረጋበት ቦታ አትንፈጓት። በየሳምንቱ አንዱን አውጥታችሁ ሌላ አስገቡ። ከወር በኋላ የድሮው ተመልሶ ሲመጣ እንደ አዲስ ይሆንላታል።

ሰንበትን ለምታከብሩ፣ መቁረጡንና ማሰሩን ዓርብ ፀሐይ ሳትገባ ጨርሱ። የዓርብ ከሰዓት በኋላ ሥራ ለልጆች ይሁን፤ የካርቶን ጥቅሎቹን ሞልተው ያዘጋጁላት። በመርካዝ ክሊታ የምትኖሩ ደግሞ ወፍ ከመግዛታችሁ በፊት በክፍላችሁ እንስሳ ማሳደግ ይፈቀድ እንደሆነ ኤም ባይቷን ጠይቁ።

የተነቀለ ላባ በአንድ ቀን አይመለስም፤ ወራት ሊወስድ ይችላል። ለረጅም ጊዜ ከተነቀለም በአንዳንድ ቦታ ጨርሶ ላይበቅል ይችላል። ስለዚህ ደረቷ ሳይራቆት መጀመር ይሻላል። ተስፋ አትቁረጡ፤ ጩኸቷ መቀነሱን፣ ወረቀቱ መቀደዱን እያያችሁ ቀጥሉ።

በመጨረሻም፣ ወረቀትና እንጨት የሰውን ቦታ አይተኩም። ወፏ መንጋዋ እናንተ ናችሁ። በብዙ ቤታችን ልጆች ትምህርት ቤት፣ ወላጆች ሥራ ሲሄዱ ቀኑን ሙሉ ቤት የምትውል አያት አለች። ዕብራይስጥ አልያዘላትም ይሆናል፤ ከጎረቤት ጋር መጫወትም ይቸግራት ይሆናል። የሽቦ ቤቱን እሷ ከምትቀመጥበት አጠገብ አድርጉት። ቱኪ ቋንቋ አትመርጥም፤ ደጋግመው ካሏት «ሰላም» ማለትን በአማርኛ ልትለምድ ትችላለች። አያትም ሙዳይ መስፋት ታውቃለች። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በየቀኑ የመጣውን ደብዳቤ ያነብላችኋል፣ ያስተረጉምላችኋል። በዚህ ሥራ ግን አስተማሪዋ አያቱ ትሁን፤ እሱም ከጎኗ ተቀምጦ ራፊያውን ይያዝላት።