ስለሚዘነጋ ልጅ አስተዳደግ

በአገራችን የልጅ ጨዋነት ከሚለካባቸው ነገሮች አንዱ መላላኩ ነው። የተላከበትን አድርሶ፤ መልሱን ይዞ፤ የታዘዘውን ሳያጓድል የተመለሰ ልጅ «የጨዋ ልጅ» ይባላል፤ ወላጆቹም ይመሰገኑበታል። መንገድ ላይ ቈሞ የቀረ ወይም ባዶ እጁን የተመለሰ ልጅ ግን ሰነፍ፤ እልኸኛ፤ ትእዛዝ ናቂ እየተባለ ይወቀሳል፤ ወቀሳው አልበቃ ሲልም አለንጋ ይከተላል። በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ልንነጋገር የወደድነው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ልጅ ነው። ከሚዘነጉት ልጆች መካከል አንዳንዶቹ የሚዘነጉት ወላጆቻቸውን ስለ ናቁ ሳይሆን አእምሯቸው በተለየ መንገድ ስለሚሠራ መሆኑን ብዙ ሰው ገና አልተረዳውምና።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። ከየካ ሚካኤል በላይ፤ ወደ እንጦጦ ተራራ በሚያወጣው ሰፈር የሚኖር አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለ እንበል። እናቱ በማለዳ ጠርታ «ወፍጮ ቤት ሂድና እህሉ ተፈጭቶ እንደ ሆነ ጠይቅ፤ ስትመለስ ጨው ግዛ፤ ለአክስትህም እሑድ እንመጣለን በልልኝ» ብላ ትልከዋለች። ልጁ «እሺ» ብሎ ይወጣል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ቢፈለግ ከመንገድ ዳር ቈሞ የሚያልፉትን መኪናዎች የሰሌዳ ቍጥር ሲያነብ ይገኛል። ጨው የለም፤ ገንዘቡም የት እንደ ወደቀ አይታወቅም። ይኸው ልጅ ግን አምና ያየውን ሰሌዳ አንድ ቍጥር ሳይስት ይናገራል፤ የአፍሪካን አገሮች ከነዋና ከተማቸው ይቈጥራል፤ ዳዊቱንም በቃሉ ያወርደዋል። አባቱ ይህን አይቶ «ይህን ሁሉ የያዘ ጭንቅላት ጨው መግዛት እንዴት ይጠፋዋል? ሆን ብሎ ነው እንጂ» ብሎ ይቈጣል። የአባትየው መቈጣት የሚያስደንቅ አይደለም፤ ፍርዱ ግን የተሳሳተ ነው።

ስሕተቱም ትውስታን ሁሉ አንድ አድርጎ ከማየት የመጣ ነው። የተማሩትን በልብ ማኖር አንድ ነገር ነው፤ ሊያደርጉት ያሰቡትን በጊዜውና በቦታው ማስታወስ ሌላ ነገር ነው፤ ሦስት ትእዛዝ በአንድ ጊዜ በሐሳብ ይዞ ቅደም ተከተሉን መጠበቅም እንደዚሁ ለብቻው የሚታይ ነው። የፊተኛው የበረታለት ልጅ በኋለኞቹ ሁለቱ ሊደክም ይችላል። ሐሳቡ በወደደው ነገር ላይ ሲያርፍ እንደ ወንዝ በአንድ ወገን ይፈስሳል፤ ከዚያ መልሶ ወደ ጨውና ወደ አክስት መልእክት ለማዞር የሚያስፈልገው ኀይል ከሌሎች ልጆች ይልቅ ይከብደዋል። እንዲህ ያለው ሁኔታ ኦቲዝም ባላቸው፤ ይልቁንም ቀድሞ የአስፐርገር ጠባይ ይባል የነበረው በሚታይባቸው ልጆች ዘንድ ብዙ ጊዜ ይገኛል።

የስሙን ታሪክ በአጭሩ እናስረዳ፤ ዓመቶቹም በአውሮጳ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው። በ1925 ግሩኒያ ሱካሬቫ የተባሉ ሐኪም በሞስኮ እንዲህ ያለ ጠባይ ያላቸውን ስድስት ወንዶች ልጆች መርምረው ጽፈው ነበር፤ ጽሕፈታቸው ግን ለብዙ ዘመን ሳይታወቅ ቀረ። በ1943 ሌዎ ካነር በአሜሪካ፤ በ1944 ደግሞ ሐንስ አስፐርገር በቪየና ስለ ኦቲዝም የየራሳቸውን ጽሕፈት አወጡ። አስፐርገር የገለጿቸው ልጆች ንግግራቸው የተሟላ፤ በአንድ ነገር ላይ ዕውቀታቸው የጠለቀ፤ ነገር ግን ከሰው ጋራ መግባባትና የዕለት ሥራ የሚያስቸግራቸው ነበሩ። ሎርና ዊንግ የተባሉ እንግሊዛዊት ሐኪም በ1981 ይህን ጠባይ በአስፐርገር ስም ጠሩት። ይሁን እንጂ በ2013 የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መጽሐፍ ስሙን ለብቻው መጠቀሙን ትቶ ሁሉንም ኦቲዝም በሚለው ሰፊ ስም ሥር አጠቃለለው፤ የዓለም የጤና ድርጅትም እንዲሁ አደረገ። ደግሞም በ2018 የታተመ የታሪክ ምርመራ አስፐርገር በናዚ ዘመን አካለ ስንኩላን ሕፃናት ወደሚገደሉበት ሽፒግልግሩንድ ወደ ተባለው ቤት ልጆችን መላካቸውን ስለ ገለጠ፤ ብዙ ሰዎች ስሙን ለመጥራት አይወዱም። ወላጅ ግን ከስሙ ይልቅ ልጁን ማወቅ ይበልጥበታል።

ልጁን ለማወቅ ምን ምን ይታያል? ከልጆች ጋራ መጫወት ቢወድም አገባቡን አያውቅበትም፤ ወይም ብቻውን መሆን ይመርጣል። ስለሚወደው ነገር ሲናገር የሰሚውን መሰልቸት አያስተውልም። የተለመደው ነገር ድንገት ሲለወጥ ይጨነቃል፤ የድግስ ጫጫታ፤ የለቅሶ ቤት ጩኸት፤ የልብስ መኰስኰስ ከመጠን በላይ ያስቸግረዋል። ንግግርንም እንደ ቃሉ ይወስዳል፤ «አፍህን ያዝ» ቢሉት በእጁ ከንፈሩን ይይዛል። በሰምና ወርቅ መናገር በሚወደድበት አገር ይህ ልጅ ሰሙን ይዞ ወርቁን ይስታል፤ ሰውም እንደ ሹፈት ይቈጥርበታል።

በዚህ ነገር አንድ ልብ ሊባል የሚገባው አለ። በአውሮጳ መጻሕፍት ከሚጻፉት ምልክቶች አንዱ ልጁ የሰውን ዐይን አለማየቱ ነው። በእኛ ዘንድ ግን ከታላቅ ፊት አንገትን ደፍቶ መቆም አክብሮት ነው። ስለዚህ የእኛ ልጅ ዐይኑን ቢሰብር ብቻውን ምልክት ሊሆን አይችልም፤ ይልቁንም በዚህ ጨዋነት ተሸፍኖ ችግሩ ሳይታይ የሚቀር ልጅ ይኖራል። የሚሻለው ልጁ ከእኩዮቹ ጋራ ሲጫወት እንዴት እንደሚሆን መመልከት ነው። ሴቶች ልጆችም ዝምታቸው እንደ ትሕትና እየታየ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅላቸው እንደሚቀር ማስታወስ ይገባል።

ነገር ግን የሚዘነጋ ልጅ ሁሉ ኦቲዝም አለበት ማለት አይደለም። ጆሮው በደንብ የማይሰማ ልጅ ትእዛዝ ሊያመልጠው ይችላል፤ ዐይኑ የደከመም ከጥቍር ሰሌዳ የተጻፈውን ይስታል። እንቅልፍ ያጣ፤ የተራበ፤ ኀዘን ወይም ፍርሀት የያዘው ልጅ ይፈዝዛል። አእምሮው አንድ ቦታ የማይረጋ፤ ኦቲዝም ግን የሌለበት ልጅም አለ። ለጥቂት ሰከንድ ፈዝዞ፤ ቢጠሩት ሳይሰማ ቈይቶ፤ ምንም እንዳልሆነ ሥራውን የሚቀጥል ልጅ ቢኖር ደግሞ የሚጥል በሽታ ዐይነት ሊሆን ስለሚችል ፈጥኖ ለሐኪም ማሳየት ይገባል። ስለዚህ ወላጅ አስቀድሞ ጆሮና ዐይን ያስመርምር፤ ከዚያም ያየውን ሁሉ በቀንና በቦታ ለይቶ ጽፎ ወደ ሐኪም ይቅረብ። ይህ የወላጅ ማስታወሻ ለሐኪሙ ትልቅ ርዳታ ነው። በአዲስ አበባ የአማኑኤል ሆስፒታል፤ በኮተቤ በኩልም ያለው ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ፤ ወላጅ ከነዚህ ቀርቦ ልጆችን ለይቶ የሚያይ ሐኪም እንዲጠቍሙት ይጠይቅ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የተከበራችሁ አንባብያን፤ ብዙዎቻችሁ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ናችሁ። በመሥሪያ ቤት ትእዛዝ በቃል ብቻ ተሰጥቶ ይቀራልን? ደብዳቤ ይጻፋል፤ ቍጥርና ቀን ይሰጠዋል፤ በመዝገብ ይገባል፤ ግልባጩ ይቀመጣል። ይህ ሁሉ የሚደረገው ሹሙም ጸሓፊውም ሰነፍ ስለ ሆኑ ሳይሆን የሰው ትውስታ ብቻውን እንደማይታመን ስለ ታወቀ ነው። እንግዲያስ መንግሥት በራሱ ሠራተኞች ትውስታ ላይ ያልጣለውን ሸክም በዘጠኝ ዓመት ልጅ ላይ መጣል ስለ ምን ነው? ለሚዘነጋ ልጅ የሚያስፈልገው በትር ሳይሆን መዝገብ ነው።

ይህም መዝገብ በቤት ውስጥ እንዲህ ይዘጋጃል። መጀመሪያ፤ ከሩቅ መጣራት ትቶ ወደ ልጁ ቀርቦ በስሙ መጥራት፤ ከያዘው ነገር እስኪመለስ መጠበቅ፤ አንድ ትእዛዝ ብቻ በአጭር ቃል መስጠት፤ እርሱም መልሶ እንዲናገረው ማድረግ ነው። ሁለተኛ፤ ከአንድ በላይ የሆነውን ትእዛዝ በቍራጭ ወረቀት ጽፎ በእጁ ማስያዝ ነው፤ ማንበብ ላልቻለ ልጅ የጨው፤ የዱቄት፤ የአክስት ቤት ሥዕል ይበቃል፤ የፈጸመውንም እየሰረዘ ይሄዳል። ሦስተኛ፤ ለደብተሩ፤ ለጫማው፤ ለካፖርቱ ከበሩ አጠገብ የማይለወጥ ቦታ መስጠትና የማለዳውን ሥራ ሁልጊዜ በአንድ ተራ ማስኬድ ነው። አራተኛ፤ እንግዳ ሲመጣ፤ በዓል ሲደርስ፤ መንገድ ሲታሰብ ከአንድ ቀን በፊት መንገርና ጫጫታው ሲበዛበት የሚያርፍበት ጸጥ ያለ ጥግ ማሳየት ነው። አምስተኛ፤ የፈጸመውን ወዲያውኑ ስሙን ጠርቶ ማመስገን ነው። የምሳሌያችን ልጅ ጨው ብቻ ገዝቶ ቢመጣ፤ ስለ ጨው ይመስገን እንጂ ስለ ቀረው አይገሠጽ፤ ነገ ሁለተኛው ይጨመርለታል።

የሚወደውንም ነገር እንደ ጠላት መቍጠር አይገባም። ሰሌዳ የሚቈጥር ልጅ ሒሳብ ይማርበታል። ከዋክብትን የሚወድ ልጅ ካለ፤ በእንጦጦ ተራራ ላይ የአንድ ሜትር ስፋት መስታዎት ያላቸው ሁለት የከዋክብት መመልከቻዎች ከቤቱ በላይ ቆመው እንዳሉ ይንገሩት። ሰው ከሚወደው ነገር ጀምሮ ወደማይወደው ሥራ ቢሻገር መንገዱ ይቀልለታል።

ስለ በትር ግን ግልጥ ቃል እንናገራለን። መምታት ያልበረታውን ትውስታ አያበረታም፤ ፍርሀትን ይጨምራል፤ የፈራ አእምሮም የባሰ ይዘነጋል። ልጁ መዘንጋቱን ለመሸፈን ሐሰት መናገርን ይማራል፤ ያን ጊዜ ወላጁ ያልነበረ ጥፋት በገዛ እጁ ፈጠረ ማለት ነው። በ1995 የጸናው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋም ከአካል ቅጣት ነጻ መሆናቸውን ደንግጓል፤ ከትምህርት ቤት የተከለከለውን በቤት ማቈየት ለወላጅ ክብር አይሆንም።

ሌላም ሸክም አለ፤ እርሱም የሰው አፍ ነው። በ2016 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባ የልጆች የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች 102 አሳዳጊዎችን ጠይቆ ነበር፤ ብዙዎቹ በሰው ዘንድ መገለልን እንደሚፈሩ ተናግረዋል፤ የልጃቸውንም ነገር በመንፈስ ወይም በኀጢአት የተረጐሙ ነበሩ። ወደ እንጦጦ ማርያምና ወደ ኪዳነ ምሕረት ፀበል ልጁን ይዞ የሚወጣ ወላጅ አይነቀፍም፤ ጸሎት ያጽናናል፤ ዳገቱን አብሮ መውጣትም ራሱ ፍቅር ነው። ነገር ግን ፀበሉ ሕክምናን አይከልክል፤ ልጁም በፍርሀት፤ በረኃብ ወይም በእስራት አይጨነቅ። ኦቲዝም ከልጁ ጋራ የሚወለድ የአእምሮ አሠራር ነው፤ ብዙውም ከዘር የሚወረስ ነው። በእናት ቸልተኝነት፤ በእርግማን ወይም በክትባት የሚመጣ አይደለም። እናትን መውቀስ በውጭ አገርም የነበረ ስሕተት ነው፤ ሐኪሞች ራሳቸው በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ እናቶችን ይከስሱ ነበር፤ ኋላ ግን ሐሰት መሆኑ ተገለጠ።

የወላጅ ጽናት ምን ያህል እንደሚሠራ ከራሳችን ከተማ ምስክር አለን። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበት ልጃቸውን ትምህርት ቤቶች አንቀበልም ባሏቸው ጊዜ ቤት ዘግተው አልተቀመጡም፤ በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ፤ ይህም በአገራችን ከሁሉ የቀደመ ነው። ከዚህም በላይ በአደባባይ ወጥተው «ልጄ ኦቲዝም አለበት» በማለት ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን ከጓዳ እንዲያወጡ አደረጉ። በ2021 ቢያርፉም ሥራቸው አላረፈም። የእርሳቸው ልጅ ችግርና የምሳሌያችን ልጅ ችግር በመጠን ይለያይ ይሆናል፤ የወላጅ ሥራ ግን አንድ ነው፤ እርሱም ልጁን እንደ ሌላው ልጅ ለማድረግ ከመታገል ይልቅ መንገዱን ለልጁ ማበጀት ነው።

እንግዲህ የሚዘነጋ ልጅ ያላችሁ ወላጆች፤ ዛሬ ማታ ከመቈጣታችሁ በፊት አንድ ነገር ፈትኑ። ለነገ ጠዋት የምታዙትን ሦስት ነገር በወረቀት ጻፉና ከበሩ አጠገብ ስቀሉለት፤ ከዚያም ዝም ብላችሁ ተመልከቱት። አንዱን እንኳ በራሱ ቢፈጽም፤ እስከ ዛሬ «እንቢ» ይመስላችሁ የነበረው «አልቻልሁም» እንደ ነበረ ታውቃላችሁ። ይህን ያወቀ ወላጅ ያለ ቍጣ ያሳድጋል፤ ልጁም ያለ ፍርሀት ያድጋል።