ምናባዊ ልብ ወለድና የጉርምስና ስሜት

ፋንታሲ፣ ማለትም አስማትና ከተፈጥሮ ሕግ ውጭ የሆኑ ኃይሎች እንደ እውነት የሚቆጠሩበት ምናባዊ ልብ ወለድ፣ ወጣት አንባቢያንን አጥብቆ የሚይዘው ከልጅነት ወደ ጉልምስና የሚደረገውን ሽግግር ሲተርክ ነው። በጉርምስና ዕድሜ የሰውነት መለወጥ፣ ከወላጅ ጥበቃ መውጣትና ማንነትን መፈለግ በአንድነት ስለሚመጡ፣ ወጣቱ የሚሰማውን ፍርሃት፣ ኀፍረትና ጉጉት በቃላት ለመግለጽ ይቸገራል፤ ምናባዊ ልብ ወለድ ግን ይህን የተሰወረ ስሜት በዓይነ ሕሊና የሚታይ አካል ያለብሰዋል።

ለዚህ ጉልህ ምሳሌ የሚሆነው አሜሪካዊቷ ደራሲ ኡርሱላ ለጉዊን እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተሙት «የኧርዝሲ ጠንቋይ» ነው። ጌድ የተባለው ባለ ተሰጥኦ የደሴት ልጅ፣ በአስማት ትምህርት ቤት ከባልንጀራው ጋር በገባው የትዕቢት ፉክክር የሙታንን መንፈስ ሊጠራ ሲሞክር አስፈሪ ጥላ ወደ ዓለም ይለቃል፤ ከጥላውም ሲሸሽ ከኖረ በኋላ ፊቱን መልሶ ያሳድደዋል፣ በመጨረሻም በገዛ ስሙ ጠርቶ ከራሱ ጋር ያዋሕደዋል። በዚህም አንባቢው ዋናው ጠላት ከውጭ የሚመጣ ሳይሆን ያልተቀበሉት የራስ ገጽታ ሊሆን እንደሚችል ይረዳል።

እንግሊዛዊው ፊሊፕ ፑልማን እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት «የሰሜን ብርሃናት» ደግሞ የሰው ነፍስ በእንስሳ አምሳል ከጎኑ የምትኖር ሲሆን፣ በልጅነት መልኳን እንደ ልቧ የምትለዋውጠው ይህች እንስሳ በጉርምስና ወቅት በአንድ ቅርጽ ትጸናለች፤ ማደግ ማንነትን የሚያስገኝ ቢሆንም ብዙ ሌሎች ዕድሎችን እንደሚዘጋ የሚያሳየው ይህ ምስል ነው።

ስለዚህ እነዚህን መጻሕፍት ከእውነታ መሸሻ ብቻ አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው፤ ወላጆችና መምህራንም ስለ ታሪኮቹ ከወጣቶች ጋር ቢወያዩ፣ በቀጥታ ሲጠየቅ የሚደበቀውን ስሜት በገጸ ባሕርያቱ በኩል ለመስማት ይችላሉ።