ቀለሙ ቢዋሽ ብረቱ ይመሰክራል

የጥንት ገንዘብና ቴምብር የሚሰበስቡ ሰዎች እንዳሉ ሁሉ፥ የጦርነት ዕቃ የሚሰበስቡም በየአገሩ አሉ። እነዚህ ሰዎች አጥብቀው ከሚፈልጓቸው ዕቃዎች አንዱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ወታደር ይደፋው የነበረው የብረት ቆብ ነው። ፈላጊው በመብዛቱ ግን አስመስሎ የሚሠራውም በዝቷል። ስለዚህ እውነተኛውን ከሐሰተኛው መለየት ራሱን የቻለ ዕውቀት ሆኗል። በዛሬው ጽሑፋችን ይህንኑ ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ እንገልጻለን፤ ዓመቶቹም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የቆቡ መነሻ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ነው። የጀርመን ወታደር በ1914 ወደ ጦር ሜዳ የወጣው አናቱ ላይ ሹል ነገር የተተከለበት የቆዳ ቆብ ደፍቶ ነበር። ቆዳው የመድፍ ፍንጣሪ ሊከላከል ባለመቻሉ ብዙ ወታደር ጭንቅላቱን እየተመታ አለቀ። ስለሆነም በሐኖቨር ከፍተኛ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ያስተምሩ የነበሩት ፍሪድሪክ ሽቬርድ ግንባርን፥ ጆሮንና ማጅራትን የሚሸፍን የብረት ቆብ አወጡ። ይኸውም በ1916 ለጦሩ ታደለ።

በ1935 መጠኑ አነስ፥ ክብደቱም ቀለል ያለ አዲስ ዓይነት ተተካ። ዐዋቂ ሰው ቆቡን ሲያነሣ አስቀድሞ የሚመለከተው በሁለቱ ጐን ያሉትን የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎችና የቆቡን ከንፈር ነው። በ1935ቱ ዓይነት ቀዳዳው ውስጥ ለብቻው የተሠራ ትንሽ የብረት ቀለበት ገብቷል። በ1940 ሥራው እንዲፋጠን ቀለበቱ ቀርቶ የቀዳዳው አፍ ከራሱ ከቆቡ ብረት ተቀርጾ ወጣ። በሁለቱም ዓይነት ከንፈሩ ወደ ውስጥ የታጠፈ ነው። በ1942 ግን ይህም ቀረና ከንፈሩ ሳይታጠፍ ወደ ውጭ ገልበጥ ብሎ ተተወ። እንግዲህ ጦርነቱ እየከበደ ሲሄድ የፋብሪካው ችኮላ ከብረቱ ላይ ይነበባል ማለት ነው።

ሁለተኛው ምስክር በውስጥ በኩል የተመታው ማኅተም ነው። ለምሳሌ «ኤ ቴ» የሚሉ የላቲን ፊደሎችና 64 ቍጥር ቢገኙ፥ ፊደሎቹ ቆቡ በታለ ከተማ ፋብሪካ መሠራቱን፥ ቍጥሩም የቆቡን መጠን ያስረዳሉ። 64 ቍጥር ቆብ 56 ወይም 57 ሴንቲ ሜትር የሆነ የቆዳ ገበር ይይዛል። ገበሩ ከዚህ የተለየ ሆኖ ከተገኘ ዕቃው ከሌላ ቆብ ተወስዶ የተገጣጠመ ነው ተብሎ ይጠረጠራል።

አታላዮች ይበልጥ የሚጫወቱት በጐኑ ላይ በሚለጠፈው ምልክት ነው። በአንዱ ጐን የነበረው ጥቁር፥ ነጭና ቀይ የሰንደቅ ዓላማ ጋሻ በ1940 እንዲቀር፥ የንስሩም ምልክት በ1943 እንዲቀር ታዝዟል። ስለዚህ በ1942ቱ ዓይነት የምድር ጦር ቆብ ላይ ሁለቱም ምልክቶች አብረው ሲታዩ ገዢው ቆም ብሎ ማሰብ ይገባዋል። ደግሞም መልኩ የጀርመን የመሰለ ሁሉ የጀርመን አይደለም። የሀንጋሪው ቆብ እጅግ ይመስላል፤ ነገር ግን ከኋላው ማንጠልጠያ የምትሆን ትንሽ ብረት ስላለችው በዚያ ይለያል።

ይሁን እንጂ ከገንዘብ ኪሳራ የሚከፋ ጉዳት አለ። በምሥራቅ አውሮፓ አሮጌ የጦር ሜዳዎች ቆብ ለመሸጥ ሲሉ በስውር የሚቆፍሩ ሰዎች አሉ። የወደቀው ወታደር አፅም በሚገኝበት ስፍራ፥ ለሁለት የሚሰበረው የመለያ ሰሌዳውና በቆቡ ገበር ላይ የጻፈው ስሙ አብረው ሊገኙ ይችላሉ። በ1919 የተመሠረተው የጀርመን የጦር መቃብር ጠባቂ ማኅበር እስከ ዛሬ አፅም እየፈለገ፥ ስሙን እየለየ በክብር ያሳርፋል። ቆፋሪው ዕቃውን በትኖ ሲሸጥ ግን ሟቹ ስም አልባ ይሆናል፤ ቤተ ዘመዱም መርዶውን ሳይሰማ ይቀራል።

ስለዚህ ሰብሳቢው ሊጠይቅ የሚገባው «እውነተኛ ነው ወይ?» ብሎ ብቻ ሳይሆን፥ «ከወዴት መጣ?» ብሎም ጭምር ነው። በዚህ ቆብ ሥር የሰው ራስ ነበረበት፤ የተደፋውም ብዙ አገር ባጠፋ ክፉ አገዛዝ ሥር ነው። ሁለቱንም ሳይዘነጋ የሚሰበስብ ሰው ለታሪክ ምስክር ያኖራል፤ የዘነጋው ግን በቤቱ ያከማቸው ብረት ብቻ ነው።