ከኦፕራሲዮን በኋላ በምጥ መውለድ፣ ጂንካ ላይ ሲታሰብ

የመጀመሪያ ልጇን በኦፕራሲዮን የወለደች እናት ሁለተኛውን በምጥ መውለድ ትችላለች? ሰፈራችሁ ውስጥ ብትጠይቁ ብዙው ሰው «ወይ ጉድ፣ እንዴት ተደርጎ!» ይላችኋል። እውነቱ ግን አብዛኞቹ እናቶች ይችላሉ። ዋናው ጥያቄ ከዚያ በኋላ የሚመጣው «የት?» የሚለው ነው። ጂንካንና ደቡብ ኦሞን የመረጥኩት እዚያ ይህ ጥያቄ አዲስ አበባ ላይ ከሚነሳበት በጣም ስለሚከብድ ነው።

ፍርሃቱ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1916 ኤድዊን ክሬጊን የተባለ የኒው ዮርክ ሐኪም፣ አንዴ በቀዶ ጥገና የወለደች ሴት ከዚያ በኋላም እንዲሁ ትወልዳለች የሚል ሐሳብ ጻፈ። በዘመኑ ትክክል ነበር። ያኔ ማህፀን የሚቀደደው ቁመቱን፣ በምጥ ጊዜ በኃይል የሚኮማተረው ወፍራም ክፍል ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ ግን የግላስጎው ሐኪም ጆን መንሮ ኬር ማህፀኑን ከታች፣ ቀጭኑ ክፍል ላይ አግድም መቅደድን አስፋፋ። ያ ክፍል በምጥ ጊዜ ብዙም ስለማይኮማተር ጠባሳው የተሻለ ይችላል። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ሆድ ላይ የሚታየው ጠባሳ ስለ ማህፀኑ አይናገርም። ቆዳው አግድም ተቀድዶ ማህፀኑ ቁመቱን ተቀድዶ ሊሆን ይችላል።

ቁጥሩ ደግሞ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት፣ ከቀዶ ጥገና በኋላ ምጥን ከሞከሩ ወደ 18 ሺህ ከሚጠጉ እናቶች መካከል 73 በመቶው በተፈጥሮ መንገድ ወልደዋል። ማህፀናቸው የተተረተረው ከ1,000 ውስጥ 7 ያህሉ ናቸው። ቁመቱን የተቀደደ ማህፀን ከሆነ ግን አደጋው ከ100 ውስጥ ከ4 እስከ 9 ይደርሳል። ለእንደዚህ ዓይነቷ እናት ምጥ አይመከርም።

ሰባት ከሺህ ትንሽ ነው። ሲደርስ ግን ጊዜ አይሰጥም። ሌላ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው የሕፃኑ የልብ ምት ወርዶ ሳይመለስ 18 ደቂቃና ከዚያ በላይ ካለፈ በኋላ የተወለዱ ሕፃናት ክፉኛ ሊጎዱ ይችላሉ። በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1999 የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ ሐኪሙም የቀዶ ጥገና ቡድኑም ወዲያው የሚገኙ መሆን አለባቸው የሚል መመሪያ አወጣ። ብዙ ትናንሽ ሆስፒታሎች ይህን ማሟላት ስላቃታቸው አገልግሎቱን ዘጉ። እ.ኤ.አ. በ2010 መመሪያው ሲለዝብ፣ እናትየዋ ስለ ሆስፒታሉ አቅም እውነቱን ተነግሯት ራሷ እንድትወስን ተደረገ።

አሁን ወደ ጂንካ እንምጣ። ከኦሞራቴ የምትነሳ የዳሰነች እናት በቱርሚ፣ በዲመካና በቀይ አፈር አድርጋ ነው ጂንካ አጠቃላይ ሆስፒታል የምትደርሰው። ከጂንካ ወደ አርባ ምንጭ ሪፈር ብትባል ደግሞ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራታል። 18 ደቂቃውን ከዚህ መንገድ አጠገብ አስቀምጡት!

ታዲያ እዚያ ያለች እናት ሁሉ ትቀደድ? እኔ አይመስለኝም። «እዚያ ከሄድሽ መቀደድሽ አይቀርም» የተባለች እናት ቤቷ ማማጥን ልትመርጥ ትችላለች፤ ጠባሳ ያለበት ማህፀን ይዞ መንደር ውስጥ ማማጥን የመሰለ አደጋ ደግሞ የለም። ሌላም አለ። ብዙ ልጅ የምትፈልግ እናት በተቀደደች ቁጥር እንግዴ ልጁ ጠባሳው ላይ ሰርጎ የመጣበቁ ዕድል ይጨምራል። እንግዴ ልጁ የማህፀን በር ላይ ከሆነ፣ በመጀመሪያው ቀዶ ጥገና 3 በመቶ የነበረው አደጋ በሁለተኛው 11፣ በሦስተኛው 40፣ በአራተኛው 61 በመቶ ይሆናል። ይህ የሚያስከትለውን ደም መፍሰስ ትልልቅ ሆስፒታሎችም ይፈሩታል።

ስለዚህ ጥያቄው የሆስፒታሉ ስም ወይም ትልቅነቱ ሳይሆን የዚያች ሌሊት ዝግጅት ነው። ኦፕራሲዮን የሚሠራው ባለሙያ (ስፔሻሊስትም ሆነ በድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና ማዋለድ የሠለጠነ) ግቢው ውስጥ አለ? የማደንዘዣ ባለሙያውስ? ከእናትየዋ ጋር የተመሳከረ ደም ተዘጋጅቷል? የሕፃኑን ልብ በየ15 ደቂቃው የምታዳምጥ አዋላጅ አጠገቧ ናት? መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተሩ ይነሳል? ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ውሳኔው ምጥ ሳይመጣ ነው መለወጥ ያለበት። ምጥ እስኪጀምራት ጠብቆ አምቡላንስ ላይ ማሳፈር በጣም አደገኛ ነው።

ለዚህ ነው የእናቶች ማቆያ ቤት እኔን የሚያስደስተኝ። በዘጠነኛው ወር መጥታ ሆስፒታሉ አጠገብ የምትቆይ እናት መንገዱን ከምጡ በፊት ጨርሳዋለች። መጥታም ምጡ በራሱ ቢጀምር ይመረጣል። ሚሶፕሮስቶል የተባለው መድኃኒት ጠባሳ ያለበትን ማህፀን ሊተረትር ስለሚችል በዘጠነኛ ወሯ ላለች እንዲህ ያለች እናት ምጥ ለማስጀመር አይሰጥም። ከወሊድ በኋላ ደም ለማቆም የሚሰጠው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ ሕይወት ያድናል፣ አትፍሩት። ደግሞም ሁለቱ ልጆች ከተራራቁ ጥሩ ነው፤ በመካከላቸው ከአንድ ዓመት ተኩል በታች ከሆነ ጠባሳው ገና ሳይጠነክር ይፈተናል።

ከሁሉ በላይ የምመኘው ከሆስፒታል ስትወጣ ማህፀኗ እንዴት እንደተቀደደ የሚናገር ወረቀት እንድትይዝ፣ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም እንድትመዘግበው ነው። ወረቀቱ ቢጠፋ እንኳ ነገሩ አላለቀም። አብዛኛው ቀዶ ጥገና ዛሬ አግድም ነው። ቁመቱን የመሆን ጥርጣሬው የሚበረታው ያኔ ሕፃኑ ወሩ ሳይደርስ ከወጣ ወይም ማህፀን ውስጥ አግድም ተኝቶ ከነበረ ነው። ይህን ደግሞ እናትየዋ፣ እሷ ባታስታውስ አማቷ ወይም ባሏ ሊመልሱት ይችላሉ፤ የሚጠይቃቸውና ቋንቋቸውን የሚያስተረጉም ሰው ብቻ ይገኝ።