የተናቀችው ቀበቶ፤ ለአዲስ ቤተሰብ መኪና ለሚመርጡ

ልጅ የተወለደላቸው ባልና ሚስት በመጀመሪያው ዓመት ከሚማከሩባቸው ነገሮች አንዱ የመኪና ነገር ነው። ይህ ምክክር በወላይታ ሶዶ ከተማ ሲደረግ እንደምሰማው፣ ነዳጅ ትበላለች ወይ፣ መለዋወጫዋ በቀላሉ ይገኛል ወይ፣ ነገ ብትሸጥ ዋጋዋ ይወድቃል ወይ የሚለው ጥያቄ ከአፍ ወደ አፍ ሲዘዋወር ይውላል እንጂ፣ ከቤቱ ንብረት ሁሉ ይልቅ የሚሳሱለት ያ ጨቅላ በየትኛው ወንበር እንደሚቀመጥና በምን እንደሚያዝ የሚጠይቅ ብዙ አይገኝም። እኔም ይህችን ጽሑፍ የማቀርበው ያን የተረሳ ጥያቄ ለማንሣትና፣ በመኪና ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ አብዝታ እያገለገለች አብዝታ የተናቀችውን የደኅንነት ቀበቶ ከአንባቢዎቼ ጋር ለማስተዋወቅ ነው። ስለ ፍሬንና ስለ ጎማ ማንም መካኒክ ይነግራችኋልና በአንድ ቃል አልፈዋለሁ፤ ፍሬኑ የማይዝ፣ ጎማው የተላጠ መኪና ቦሎ ቢለጠፍበትም ለቤተሰብ አይሆንም።

ቀበቶዋ ስትታይ ተራ ጨርቅ ናት። ስፋቷ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ከፖሊስተር ክር ጠብቃ የተሸመነች ስትሆን፣ በደኅና ፋብሪካ የተሠራችው ከ2 ቶን የሚበልጥ ጭነት ሳትበጠስ ትችላለች። ዛሬ የምናያትን መልክ የሰጣት ኒልስ ቦሊን የተባለ ስዊድናዊ መሐንዲስ ነው። ይህ ሰው አስቀድሞ በሳብ የአውሮፕላን ፋብሪካ፣ አብራሪው በአደጋ ጊዜ ከነወንበሩ ተወርውሮ የሚወጣበትን መሣሪያ ሲሠራ ቆይቶ፣ በ1958 (እ.ኤ.አ.) ወደ ቮልቮ ተዛወረ። ከእርሱ በፊት ቀበቶ አልነበረም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን በአብዛኛው ወገብን ብቻ የሚያስር ስለ ነበረ፣ በግጭት ጊዜ ደረትና ራስ ወደ ፊት ሲወረወሩ ቀበቶው ራሱ ሆድ ዕቃን ይጎዳ ነበር። ቦሊን ግን ሰውነት መያዝ ያለበት አጥንቱ በሚጠነክርበት በደረትና በዳሌ መሆኑን፣ ደግሞም ሰው በባሕርዩ ሰነፍ ስለ ሆነ ማሰሪያው በአንድ እጅ የሚቆለፍ መሆን እንዳለበት አስተውሎ፣ ከትከሻ ወርዳ በዳሌ ጎን ተቆልፋ ወገብን የምትሻገር፣ በሦስት ነጥብ የተያዘች አንዲት ጥብጣብ አበጀ። በነሐሴ 1959 (እ.ኤ.አ.) ይህች ቀበቶ የተገጠመላት የመጀመሪያዋ መኪና ለገዢ ተሰጠች፤ ቮልቮም የፈጠራ መብቱን ለራሱ ከማስቀረት ይልቅ ሌሎች ፋብሪካዎች ሁሉ እንዲጠቀሙበት ክፍት አደረገው። ይህን የመሰለ በጎ ሥራ የሠራ ሰው ስሙ በየመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛው አለመነሣቱ ያሳዝነኛል።

እኔን አብዝቶ የሚያስደንቀኝ ግን ጥብጣቧ ሳትሆን በመኪናው ምሰሶ ውስጥ ተሸሽጋ የምትኖረው መጠቅለያዋ ናት። ቀስ ብላችሁ ስትስቧት ትለቃለች፣ ጎንበስ ስትሉ አብራችሁ ትመጣለች፣ ቀና ስትሉ ትሰበስባለች፤ በድንገት ስትነጥቋት ግን ቀጥ ትላለች። ይህን የምታደርገው በሁለት መንገድ ነው። በአንድ በኩል ጥብጣቧ ከልክ በላይ ፈጥና ስትመዘዝ ከመዘውሯ ጋር የሚዞር ትንሽ ጥርስ ወደ ውጭ ተፈናጥሮ ይነክሳል። በሌላ በኩል በትንሽ ጎድጓዳ ላይ የተቀመጠች የብረት ኳስ አለች፤ መኪናው በብርቱ ሲቆም ወይም ሲያጋድል ኳሷ ከማረፊያዋ ተንከባልላ ከላይዋ ያለውን ምላስ ታነሣለች፣ ምላሱም የመዘውሩን ጥርስ ይይዛል። ኤሌክትሪክ የለበት፣ ባትሪ አይፈልግ፣ ማንም አያዘው፤ የጥብጣቧና የመኪናው እንቅስቃሴ ከመሬት ስበት ጋር ሆነው ያሠሩታል። በዳሞታ ተራራ ሥር ባለው ከተማችን እጅግ ባጋደለ ግቢ መኪናቸውን አቁመው፣ ቀበቶው አልመዘዝ ሲላቸው ተበላሽቷል ብለው የሚያማርሩ ሰዎች አሉ፤ እርሷ ግን ሥራዋን እየሠራች ነው፤ ሜዳ ላይ ሲያወርዷት ትለቃለች። ተበላሽታ እንደ ሆነ ለማወቅ መኪናውን በሜዳ ላይ አቁሞ አስቀድሞ በዝግታ፣ ቀጥሎ በድንገት መሳብ ነው፤ በድንገት ስትነጠቅ ያልያዘች ቀበቶ የጌጥ ናት። በአቧራ ከብዳ መሰብሰብ ያቃታትን ደግሞ እስከ መጨረሻዋ መዝዞ ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና አጥቦ ማድረቅ እንጂ በረኪና ማስነካት አይገባም፤ በረኪና ክሩን ያመነምነዋል።

በቅርቡ አንድ መምህር ነርስ ከሆነችው ባለቤቱ ጋር ያገለገለ መኪና ሊገዙ ሲሄዱ እኔንም አብሬ እንድሄድ ለመኑኝ። ደላላው የመኪናዋን በር በጣቱ አንጓ እያንኳኳ፣ «ጋሼ፣ ይቺን እኮ በመዶሻ ቢመቷት አትጎደጉድም! እንደ ዘንድሮዎቹ ፕላስቲክ እንዳትመስልዎ፣ ብረት ናት ብረት!» አለኝ። እኔ የኋላውን በር ከፍቼ ገባሁ። ወንበሩ አበባ ባለበት ወፍራም ፎደራ ከዳር እስከ ዳር ተሸፍኗል፤ የትከሻው ጥብጣብ በጎን ተንጠልጥሏል፣ የሚቆለፍበት ግን የለም። እጄን በመደገፊያውና በመቀመጫው መካከል ሰድጄ ስዳብስ የሱፍ ገለባ፣ የደረቀ ቆሎና አንድ ብር ሳንቲም አወጣሁ፤ መቆለፊያዎቹ ከፎደራው ሥር ተቀብረው ነበር። ደላላው፣ «ጋሼ፣ ከኋላ ማን ቀበቶ ያስራል ብለው ነው?» ቢል፣ ነርሷ ቀበል አድርጋ፣ «ወንድሜ፣ ድንገተኛ ክፍል አንድ ሌሊት ብታድር እንዲህ አትልም ነበር» አለችው። ፎደራው ሲነሣ ሁለቱ መቆለፊያዎች ተገኙ፤ ሦስተኛው ከነሥሩ ተቆርጦ ወጥቷል። ይህንንም ለምን እንዳደረጉት ሲጠየቅ፣ የሚቀመጠውን ሰው ስለሚቆረቁረው ነው አለ። ዋጋ ልቀንስ ቢልም ተሰናብተነው ሄድን።

የብረቱ ነገር ግን እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም፤ በአገራችን ሥር ሰድዶ ያለ ስሕተት ነውና። አሮጌ መኪና ወፍራም ላሜራ ስላለው ተሳፋሪውን ይጠብቃል የሚለው እምነት ከሕገ ፍጥረት ጋር አይስማማም። ቤላ ባሬኒ የተባለው የመርሴዲስ መሐንዲስ የተረዳውና ኩባንያው በዚያው በ1959 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መኪና የሠራበት ምሥጢር ይህ ነው፤ የመኪናው አፍንጫና ጅራት በግጭት ጊዜ እንዲጨማደዱ፣ ሰው ያለበት መካከሉ ግን ቅርጹን እንዳይለቅ ሆኖ መሠራት አለበት። ለገበያ እንቁላል የሚያጓጉዝ ሰው በብረት ሣጥን ሳይሆን ገለባ በሞላው ቅርጫት የሚያኖረው በዚሁ ምክንያት ነው። የማይጨማደድ መኪና ምቱን ሳያጎድል ለተሳፋሪው ያስተላልፋል። እንግዲህ ከግጭት በኋላ አፍንጫው የተጨማደደ መኪና አይቶ «ምናምንቴ ነው!» የሚል ሰው፣ ተሳፋሪው በእግሩ ወርዶ እንደ ሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ስለ ኤርባግም ከዚሁ ጋር ልናገር። ቪትዝ የምትባለው የቶዮታ ትንሽ መኪና ከ1999 እስከ 2020 (እ.ኤ.አ.) በጃፓን ገበያ የተሸጠች ስትሆን፣ ጃፓኖች በግራ ስለሚነዱ መሪዋ በቀኝ ነበረ፤ ለሌላው ዓለም የተሠራችው እኅቷ ያሪስ ትባላለች። አገራችን ከ1964 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በቀኝ ስለምትነዳ፣ በእኛ ጎዳና መሪዋ በግራ ሆኖ የምትታየው ቪትዝ መሪዋ ተነቅሎ የተዛወረባት ናት። መሪ ሲዛወር ዳሽቦርድ ይነሣል፤ ዳሽቦርድ ሲነሣም ኤርባግ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ቁልፍ ሲከፈት የኤርባጉ ምልክት ለጥቂት ሰከንድ በርቶ መጥፋቱን ተመልከቱ፤ ከነጭራሹ ካልበራ አምፖሉ ተነቅሎ ወይም ተሸፍኖ ሊሆን ይችላል። ደግሞም ከቀበቶዋ ጥብጣብ ግርጌ የተሠራችበት ጊዜ የታተመባት ትንሽ ጨርቅ አለች፤ የመኪናው ዕድሜና የቀበቶዋ ዕድሜ በዓመታት ከተራራቁ፣ መኪናው ከግጭት ተርፎ የተጠገነ መሆኑን ጠርጥራችሁ ሻጩን ጠይቁ። ቀለም የተቀባ ላሜራ የሚደብቀውን ይህች ጨርቅ ትገልጠዋለች።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ። በእኛ ባህል ጋቢና የክብር ወንበር ነው። አራስ ከሶዶው ኦቶና ሆስፒታል ስትወጣ፣ ወይም ቤተሰቡ ለግፋታ በዓል ከአዲስ አበባ ወደ ወላይታ ሲወርድ፣ እናቲቱን ከነጨቅላዋ በጋቢና ማስቀመጥ የማክበር ምልክት ሆኖ ይታያል፤ ጨቅላውም በታጠፈ ጋቢ ተጠቅልሎ በእቅፏ ይሆናል። እስኪ በሒሳብ እንመልከተው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከቆመ ነገር ጋር ሲጋጭ፣ ያልታሰረ ተሳፋሪ የሚያገኘው ምት ከ10 ሜትር ያህል ከፍታ ወድቆ ከሚያገኘው ጋር እኩል ነው፤ ከሁምቦ ወደ አባያ ቆላ ሲወረድ በሚደረስበት በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከፍታው 25 ሜትር ይሆናል። የመኪናው አፍንጫ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ተጨማድዶ ቢቆም፣ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 4 ኪሎ የሚመዝነው ጨቅላ ከ60 ኪሎ በላይ ሆኖ ከእናቱ ክንድ ይነጠቃል፤ ይህም ሁሉ የሚፈጸመው ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ቅጽበት ነው። የእናት ፍቅር ብርቱ ነው፤ ክንዷ ግን ይህን አይችልም። አንዱን ቀበቶ በእናትና በልጅ ላይ አንድ ላይ ማሰርም ከዚህ የባሰ ነው፤ ጨቅላው በእናቱ ክብደትና በጥብጣቡ መካከል ይጨፈለቃልና። እናቲቱን ማክበር የሚፈልግ ከኋላ ያስቀምጣት፣ ቀበቶዋንም ያስርላት።

ለጨቅላው የተገባው ፊቱን ወደ መኪናው ጅራት አዙሮ የሚቀመጥበት የሕፃን ወንበር ነው። ይህን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አስቦ ያወጣው በርቲል አልድማን የተባለ ስዊድናዊ ሐኪም ሲሆን፣ ሐሳቡን ያገኘው የጠፈር ተጓዦች ወደ ላይ ሲወነጨፉ በጀርባቸው ተደግፈው ተኝተው ካየ በኋላ ነው። የሕፃን ራስ ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ከባድ፣ አንገቱም ገና ልል ስለ ሆነ፣ ፊቱን ወደ ፊት ቢቀመጥ ግጭቱ ራሱን ከአንገቱ ይጎትተዋል፤ ወደ ኋላ ከተቀመጠ ግን ምቱ በጀርባው ሙሉ ላይ ይከፈላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እንዲህ ያለው መያዣ የጨቅሎችን ሞት እስከ 71 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ይህን ወንበር ኤርባጉ በሚሠራ ጋቢና ላይ ማድረግ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ኤርባጉ ሲፈነዳ የወንበሩን ጀርባ ይመታዋልና።

ስለ ነጂዎች ጥቂት ተግሣጽ ይፈቀድልኝ። የመንገድ ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቀበቶ እንዲታሰር ማዘዙን የማያውቅ ባለ መንጃ ፈቃድ የለም፤ ሆኖም ትራፊክ ፖሊስ ከሩቅ ሲያይ ጥብጣቧን በደረቱ ላይ ጎተት አድርጎ ሳይቆልፍ የሚይዝ፣ ካለፈ በኋላም የሚለቃት ሰው ስንት ነው! በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ እየበዙ የመጡት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ቀበቶ ላላሰረ ሰው ደወል ይደውላሉ፤ የኛ ሰው ግን ደወሉን ዝም የሚያሰኝ ባዶ የመቆለፊያ ምላስ ገዝቶ ይሰካል። የመልአክ ሥዕል ወይም የመጽሐፍ ቃል በመስተዋት ላይ ሰቅሎ ቀበቶውን ከጀርባው ቀብሮ የሚነዳም አለ፤ ይህን ከእምነት አልቆጥረውም።

የሕፃን ወንበር እንደ ቢጠና ባሉ ትንንሽ ከተማዎች ይቅርና በትልልቁም ለማግኘት ያስቸግራል የሚሉ ወላጆች ትክክል ናቸው። መፍትሔው ብዙ ጊዜ ባሕር ማዶ ካለው ዘመድ ዘንድ ነው። ለአራስ ጥየቃ ልብስና መጫወቻ በሻንጣ ሞልቶ የሚመጣውን ሰው፣ በዚያው ኪሎ አንድ የጨቅላ ወንበር ይዞ እንዲመጣ ንገሩት፤ ከአውሮፓ የሚመጣው ከሆነ አር 44 ወይም አር 129 የሚል ምልክት የታተመበት፣ ከአሜሪካ የሚመጣው ከሆነ የአገልግሎት ጊዜው ያላለፈ ይሁን። ሌላ ሰው ሲጠቀምበት የቆየ ወንበር ቢሰጣችሁ ግጭት አግኝቶት እንደ ሆነ ጠይቁ፤ አግኝቶት ከነበረ አትቀበሉ። ስትገጥሙትም ከመኪናው ቀበቶ ጋር አጥብቃችሁ እሰሩትና ከሥሩ ይዛችሁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነቅንቁት፤ ከ2 ወይም ከ3 ሳንቲ ሜትር በላይ ከተንሸራተተ ፈታችሁ፣ በጉልበታችሁ ተጭናችሁ እንደ ገና እሰሩት።